ለአውሮጳ ሽማግሌ የጠራሁ ቀን

ሰው ሁሉ የሚፈራው ነገር አለው። ባለቤቴ አይጥ ትፈራለች፤ የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ የማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ይፈራል፤ እኔ ደግሞ የምፈራው ባዶ ወንበር ነው። አትሳቁ። እንጀራዬ ወንበር ነው። እዚህ ናታንያ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ባሕሩን ቁልቁል ከሚያዩት ሆቴሎች ባንዱ፣ የድግስ አዳራሽ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንበር ስደረድር ኖሬአለሁ። ለሰርግ ክብ፣ ለስብሰባ ረድፍ፣ ለባር ሚጽቫ፣ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ድግስ፣ ደግሞ የልጁ እናት እንዳለችው፤ እሷም ሦስት ጊዜ ሐሳቧን ትቀይራለች። አንድ ቀን ሦስት መቶ ወንበር ደርድሬ ስልሳ ሰው መጣ። የሙሽራዋን አባት ፊት እስካሁን አልረሳሁትም። እያንዳንዱን ባዶ ወንበር እየዞረ በእጁ ይነካ ነበር፣ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚነካ።

እንግዲህ ልጄ ኦርሊ ስልክ ደውላ «አባዬ፣ አዳራሹ ባዶ ይሆንብኛል» ስትለኝ ለምን ከመቀመጫዬ እንደተነሣሁ አሁን ይገባችኋል።

ኦርሊ ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። እኔ የምትማረውን ነገር ሰው ሲጠይቀኝ «ዓለምን» ብዬ ነው የማልፈው። ኮሌጁ በየጊዜው ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሃርጻአ ያዘጋጃል፤ ሃርጻአ ማለት አንድ የተማረ ሰው ቆሞ ይናገራል፣ ሌላው ቁጭ ብሎ ይሰማል። የዘንድሮው ስለ ዛሬይቱ አውሮጳ ነው፦ ፖለቲካዋ፣ ግጭቷ፣ የሰው ልጅ መብት። ባለፉት ሁለት ጊዜያት የመጣው ሰው ስድስት ነበር። ከስድስቱ አንዱ ለማዝጋኑ፣ ማለት ለአየር ማቀዝቀዣው፣ ቅዝቃዜ ሲል እንደገባ ራሱ ተናግሯል። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ጊድዖን፣ ቀጭን፣ እንደ መርፌ ያለ ሰው ነው፤ ኦርሊን ጠርቶ ነገራት። ይኸኛውም ባዶ ከሆነ ነገሩ ከሚመጣው ዓመት ይሰረዛል። ሰው ከመጣ ግን ይቀጥላል፤ ራካዜቷም፣ ማለት አስተባባሪዋ፣ ኦርሊ ትሆናለች። ጠረጴዛ ከነወንበሩ፣ በሩ ላይ ስሟ የተጻፈበት ሚስራድ፣ ቢሮ ማለት ነው። ከዘራችን ሚስራድ ውስጥ የገባ ሰው አለ፤ ነገር ግን ሲጠርግ ነው።

«ሃያ ሰው ብቻ አምጣልኝ» አለችኝ።

«ሃያ? እኔ ሳስነጥስ ሃያ ሰው ይመጣል።»

«እሱን ነው የምፈራው። ሃያ አልኩህ። ይቀመጣሉ፣ ይሰማሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ይሄዳሉ። ቤሴደር?»

«ቤሴደር፣ እሺ።»

«ምግብ የለም።»

«ምግብ የለም።»

«ጥያቄ አይጠይቁም።»

«አፋቸውን አይከፍቱም» አልኳት። ይኸን ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ። የማንን አፍ እንደማዝ ግን አላሰብኩም።

መጀመሪያ የደወልኩት ለአጎቴ ልጅ ነው። «ሮብ ና» አልኩት።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተ።»

«ማን አገባ?»

«ማንም አላገባ።»

«ታዲያ ምን ልሠራ ነው የምመጣው?»

ስለ አውሮጳ ሃርጻአ አለ አልኩት። በለሆሳስ «አንተ ደኅና ነህ? ባለቤትህን አቅርባት እስቲ» አለኝ። ለዘጠኝ ሰው ደወልኩ፣ ዘጠኙም እንደዚሁ ናቸው። የኛ ሰው ለለቅሶ ከሆነ ከቤርሼባ ሌሊት ተነሥቶ ይመጣል። ለሰርግ ከሆነ ሳይጠራም ይመጣል። ቁጭ ብሎ የማያውቀው ሰው ሲናገር ለመስማት ግን ከሰፈራችን ከኪርያት ኖርዳው እስከ ኮሌጁ አንድ አውቶቡስ አይሳፈርም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልሳፈርም ነበር።

ሦስት ቀን ሲቀረው መቀመጥ አቃተኝ። ሥራ ላይ ወንበር ስደረድር ሁሉም ባዶ ሆኖ ይታየኛል፤ ደግሞ ባዶ ነው፣ ሰው ገና አልገባማ። ሮጥ ብዬ ራማት የዲዲም ወዳለው የአረጋውያን ሞአዶን፣ መሰብሰቢያ ቤታቸው፣ ሄድኩ፣ አባ ጌጡ ዘንድ።

አባ ጌጡ ዕድሜያቸው ስንት እንደሆነ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴርም አያውቅም፤ መታወቂያቸው ላይ የተጻፈውን እሳቸው ራሳቸው ይስቁበታል። በዚህ ከተማ ተጣልተው የታረቁ ባልና ሚስቶች ግማሾቹ በሳቸው እጅ ያለፉ ናቸው፤ እኔና ባለቤቴም ሁለት ጊዜ አልፈናል። እሳቸው ወደሄዱበት ሰው ይሄዳል። ሻይ ይዘው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባ፣ ሮብ ለአንድ ጉዳይ እንዲመጡልኝ ነው።»

«ምን ጉዳይ?»

እንዴት ልበል? አስረዳሁ። «ሁለት አገሮች ናቸው። ጎረቤታሞች። ተጣልተው…»

«በምን?»

«በድንበር።»

«ደም ፈሷል?»

«ብዙ ፈሷል አባ።»

«ነገሩን ማን ይዞታል?»

«አንዲት የተማረች ሴት ከዚያው መጥታለች። ልጄ የምትማርበት ቦታ ሆና ትናገራለች።»

«ለማን ነው የምትናገር?»

እዚህ ላይ «ለአድማጭ» ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። ግን የአዳራሹ ሰማንያ ባዶ ወንበር ዓይኔ ፊት ቆመብኝ፤ ምላሴም ከኔ ቀድማ ሄደች። «ለሽማግሌ» አልኩ። «ለእናንተ።»

አባ ጌጡ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «እኛን ጠሩ?»

«ጠሩ።»

«ፈረንጆቹ?»

«ፈረንጆቹ።»

«እስታሁን የት ነበሩ ታዲያ!» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ለሽምግልና የተጠራ ሰው አዳማጭ አለመሆኑን እኔም አውቃለሁ። ሁለቱን ወገን ይሰማል፣ ይጠይቃል፣ ይፈርዳል፣ ያስታርቃል። ይኸን አባቴ ነው ያስተማረኝ፤ አንድ ጊዜ ሽማግሌ ፊት ሳቅ ብዬ በአለንጋ። ግን በዚያች ሰዓት ያሰብኩት «ሃያ ሰው ተገኘ» ብቻ ነው።

ሮብ ሆነ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ከሁሉ ቀድሜ ደረስኩ። ከአዳራሹ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለስኩ። በር ላይ ያለው ሾሜር፣ ቦርሳ የሚፈትሸው ጥበቃ፣ ለአራተኛ ጊዜ ሲፈትሸኝ ስሜን ጠየቀኝ፤ ለሰባተኛ ጊዜ ስለ ልጆቹ ነገረኝ። አዳራሹ ውስጥ ያሉት አራት ሰዎች ናቸው። ያ ለማዝጋኑ የሚመጣው ሰውዬም አለ፣ ታማኝ ሰው ነው። ኦርሊ ሚክሮፎኑን አንዴ ታነሣለች አንዴ ታስቀምጣለች።

አውቶቡሱ መጣ። በሩ ተከፈተ። ነጭ ነጠላ ወረደ። ሌላ ነጭ ነጠላ ወረደ። ከዚያ መውረዱ አላቆም አለ። ሾፌሩ ራሱ ዞሮ ያያል። አባ ጌጡ ዘንጋቸውን ይዘው ከፊት፣ ሌሎቹ ወንዱም ሴቱም ከኋላ። ስቆጥር አርባ ሦስት ናቸው።

«አባ፣ ይኸ ሁሉ ሰው!»

«ለባልና ሚስት አምስት ሽማግሌ ይበቃል። ይኸ አገር ለአገር ነው። አርባ አልሁ።»

«ሦስቱስ?»

«ሦስቱ ቤት ውስጥ ስልችት ብሏቸው ነው።»

ሾሜሩ አርባ ሦስት ዘንግና ጃንጥላ በዚያች በምትጮኸው መፈተሻው ሲፈትሽ ቆየ። እያንዳንዱ ሽማግሌ ሲፈተሽ ይመርቀዋል። መጨረሻው ላይ ሾሜሩ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት፤ ድካም ይሁን ምርቃት አላወቅሁም።

ኦርሊ ስታያቸው መጀመሪያ ፊቷ በራ፣ ቀጥሎ ወደኔ ዞረች። «ሃያ ነበር ያልኩህ።»

«ተረፈ» አልኳት።

አባ ጌጡ መሐል ቆመው ወንበሮቹን አዩ። «ይኸ ምንድን ነው? የአውቶቡስ አቀማመጥ አይዶለም? ሽማግሌ የሰው ማጅራት እያየ ነው የሚፈርድ?» ብለው በዘንጋቸው ምልክት ሰጡ። አርባ ሦስት ሰው ወንበር ማንሣት ጀመረ። እኔ በሙያዬ ወንበር ሲጎተት ድምፁን አልችልም፤ ጥርሴ ነው የሚያመኝ። ረድፉ ሁሉ ጠፍቶ ግማሽ ክብ ሆነ። መሐል ላይ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አስቀሩ። ዶክተር ጊድዖን ሲገባ ደክሞት ይሁን እንጃ፣ ሄዶ ካንደኛዋ ላይ ቁጭ አለ።

አንድ ሽማግሌ ትከሻውን ነካ አደረጉት። «ልጄ፣ ተነሥ። የበዳይ ቦታ ነው።»

ዶክተሩ ቋንቋው አልገባውም፣ ግን ተነሣ። ሁለተኛዋ ላይ ሊቀመጥ ሲል ከዚያም አስነሡት፤ የተበዳይ ናት። ኦርሊ ክንዴን ያዘች። «አባዬ፣ ምንድን ነው የሚሆነው?»

«ባህል ነው በይው።»

እዚህ አገር «ባህል ነው» ካልክ ማንም አይጠይቅህም። ዶክተር ጊድዖን «ያፌ፣ ያፌ» እያለ፣ ደስ ይላል ማለቱ ነው፣ ግድግዳው ሥር ቆመ።

ተናጋሪዋ ፕሮፌሰር ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ነጣ ያለች፣ ትሑት ሴት ናት። የምትናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጆሮ ላይ የሚደረግ ነገር አለ፣ በዚያ ዕብራይስጡ ይመጣል። የአገሮቹን ስም አልነግራችሁም። የሁለቱም ሰዎች እኔ ያለሁበት ሕንፃ ውስጥ ይኖራሉ፤ ነገ ጠዋት ሰላምታ ይነሱኛል። ሽማግሌዎቹ ጆሯቸው ላይ ያደረጉትን ነገር ወዲያው አወለቁት፤ «አፈነኝ» አሉ አባ ጌጡ። ቀጥሎ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «አንተ ንገረን።»

የኔ እንግሊዝኛ የሆቴል ነው፤ ወንበር፣ ተጨማሪ ወንበር፣ ሽንት ቤቱ በዚያ ነው። ዕብራይስጡን እሰማለሁ፤ ግን ጆሮዬ ላይ ያለችው ሴት የምትለው ዕብራይስጥ እኔ ገበያ ውስጥ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ቁጣ ውስጥ እንኳን ሰምቼው የማላውቀው ነው። አሥር ደቂቃ ሰማሁ። አባ ጌጡ ይጠብቃሉ።

«ተጣልተዋል ነው የምትለው» አልኩ።

«ይኸን ነግረኸናል። አሥር ደቂቃ ሙሉ ይኸን ብቻ ነው?»

«ቋንቋቸው ረዥም ነው አባ።»

ሌላ አሥር ደቂቃ። ስለ አንድ ስምምነት ይመስለኛል፤ ስድስት ጊዜ ፈርመው ስድስት ጊዜ ቀደውታል፣ ወይም ስድስተኛው አንቀጽ ነው። አርባ ሦስት ሰው ፊቴን ያያል። እግሬ ያለ ፈቃዴ ወለሉን መምታት ጀመረ። ለመነሣት ሞከርኩ፣ «የኋላውን በር አይቼ ልምጣ» ብዬ፤ አባ ጌጡ እጅጌዬን ይዘው አስቀመጡኝ። እንግዲህ ምን ላድርግ?

«የአንደኛው ከብት የሌላውን አዝመራ ገብቶ በላ» አልኩ።

«እእእእ…» አለ ግማሽ ክቡ በሙሉ። አሁን ገባቸው! ሰው ሲገባው ፊቱ ላይ የሚመጣውን ብርሃን ታውቁታላችሁ። ልቤ ረጋ። ነገሩ ጣፈጠኝም። ፕሮፌሰሯ ግድግዳው ላይ ወደሚቀጥለው ሥዕል ስታልፍ እኔም አለፍኩ። «ከዚያ ያኛው ምንጩን አጠረበት።» «ኤድያ!» አሉ። ሌላ ሥዕል መጣ፣ ካርታ፣ ቀስቶች የበዙበት። «የዚህኛው ልጅ ለዚያኛው ልጅ ታጭታ ነበር፤ እሱም ፈረሰ።»

ሴቶቹ ባንድ ላይ «ወይኔ ልጄን!» ብለው ደረታቸውን መቱ።

ፕሮፌሰሯ ቀና ብላ አየች። ስለ አንድ ኮሚሽን ስትናገር እንዲህ ደረቱን የሚመታ ሕዝብ በዕድሜዋ አይታ የምታውቅ አይመስለኝም። ድምፅዋ ተለወጠ፤ በስሜት መናገር ጀመረች። እሷ በስሜት ስትናገር እኔም በስሜት ከብቶቹን አበዛሁ። ከኋላ አንዲት እናት ከመቀነቷ ቆሎ አወጣች፤ ምግብ የለም ብዬ ነበር፣ ቆሎ ምግብ መሆኑን ግን ያሳመናት የለም። ኮሽ፣ ኮሽ፣ ኮሽ ይላል አዳራሹ። ያ ለማዝጋኑ የመጣው ሰውዬም እጁን ዘርግቶ ሲቀበል አየሁ።

ንግግሩ አለቀ፣ ተጨበጨበ። ኦርሊ ሚክሮፎኑን ይዛ ወጣች። ዕብራይስጧ እንዴት ያምራል! «ጥያቄ ያለው?» አለች፤ ዓይኗ ግን ወደኔ «እንዳትሞክሩት» ይላል።

አባ ጌጡ ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ አርባ ሁለቱም ተነሡ።

መጀመሪያ መረቁ። ኮሌጁን መረቁ፣ ሴትዮዋን መረቁ፣ ማዝጋኑን ሳይቀር መረቁ። ቀጥለው «ነገሩን ሰምተናል» አሉ። «ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ከብቶቹ ስንት ናቸው? ሁለተኛ፣ አዝመራው ሲበላ ያየ ማነው? ሦስተኛ፣ ያች የታጨችው ልጅ አሁን ከማን ዘንድ ናት?»

የኦርሊ አማርኛ የማጀት አማርኛ ነው፤ ብዪ፣ ጠጪ፣ ነይ፣ ዝጊው። ግን ከብት የሚለውን ታውቀዋለች። «ከብት?» አለች። ወደኔ መጣች፣ ሚክሮፎኑ እጇ ላይ ነው፣ አልተዘጋም። «አባዬ፣ ምንድን ነው የነገርካቸው?» አዳራሹ በሙሉ ሰማ።

«ትንሽ… አቀለልኩት።»

«ከብት ጨምረህ?»

አባ ጌጡ ጆሯቸው ስል ነው። «ምንድን ነው የምትል? ከብት የለም እንዴ?»

«የለም አባ» አልኩ።

«ምንጩስ?»

«የለም።»

«ልጅቱስ? የታጨችው?»

«እሷም… የለችም።»

«እሰይ!» አለች ባለ ቆሎዋ ከኋላ። ልጅቱ ከዚያ ሁሉ መከራ በመዳኗ።

አባ ጌጡ ግን ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ሐሰተኛ ምስክር አይቻለሁ» አሉ። «ሐሰተኛ አስተርጓሚ ዛሬ ነው ያየሁ።» ዶክተር ጊድዖን ግድግዳው ሥር ሰዓቱን አይቶ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አደረገ። ኦርሊ ሚክሮፎኑን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፤ ከንፈሯን ነክሳለች፣ ሕፃን ሆና ላለማልቀስ ስትታገል የምታደርጋት ናት። እኔ የልጄን አዳራሽ ሞልቼ የልጄን ሚስራድ አፈረስኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወንበሩን ጭምር ይዤላት እገባ ነበር።

«ልጄ» አሉ አባ ጌጡ ኦርሊን። «የጠራሽን አንቺ ነሽ?»

እኔን አየችኝ። አባቷን ልትከስስ ትችል ነበር፤ መብቷ ነው። «አዎ» አለች። «እኔ ነኝ የጠራሁ።»

«እንግዲያው አንቺ አስተርጉሚ።»

«አማርኛዬ ትንሽ ነው።»

«ትንሽ ይበቃል። የሱ ብዙ ነበር» አሉ። «ይችን ሴት ጠይቂያት። አንቺ የተበዳዮቹ ምናቸው ነሽ በያት።»

ኦርሊ ጠየቀች። «ምናቸውም አይደለሁም» አለች ፕሮፌሰሯ። «እሄዳለሁ፣ የሚነግሩኝን እሰማለሁ፣ እጽፋለሁ።»

«በዓይኗ አይታለች?»

«አይታለች።»

«እንግዲያው ሥዕሉን ታጥፋና ያየችውን ትንገረን። አንድ ሰው ትንገረን። አገር አልቻልንም።»

ፕሮፌሰሯ ካርታውን አጠፋችው፤ ግድግዳው ነጭ ሆነ። ወንበር ስባ ከሽማግሌዎቹ ፊት ተቀመጠች። ኦርሊም አጠገቧ ተንበረከከች፤ በዚያች በአርባ ቃሏ መናገር ጀመረች።

«አንድ አሮጊት አለች። ቤቷ… ድንበር ላይ ነው። እኅት አላት። እኅቷ ማዶ ናት፣ በዚያኛው አገር። ድሮ በየቀኑ ስልክ ነበር። ጦርነት መጣ። የአሮጊቷ ቤት ተመታ፤ ጣራ የለም። ለእኅቷ ደወለች፣ ‹የናንተ ሰዎች ናቸው› አለች። እኅቷ ‹ውሸት ነው፣ ቴሌቪዥን እንደዚያ አይልም› አለች። ስልክ ተዘጋ። አሁን… ሁለት ዓመት። ድምፅ የለም።»

ቆሎው ዝም አለ። እግሬም ዝም ማለቱን ያወቅሁት በኋላ ነው።

«አንድ እናት ናቸው?» አሉ አባ ጌጡ።

«አንድ እናት፣ አንድ አባት።»

«ማን ናት ታላቋ?»

«ማዶ ያለችው።»

«ማን ሄደ ወደነሱ?»

ኦርሊ ጠየቀች። ፕሮፌሰሯ ብዙ ሰው መሄዱን ተናገረች፤ ጋዜጠኛ፣ ጠበቃ፣ እሷ ራሷ። ስለ ጣራው ጠይቀዋታል፣ ስለ ወታደሮቹ ጠይቀዋታል።

«ስለ እኅቷ የጠየቃት ሰውስ?»

«ማንም» አለች ፕሮፌሰሯ።

ሽማግሌዎቹ ራስ ለራስ ገጥመው ተንሾካሾኩ። ቀጥለው አባ ጌጡ ተነሡ። «የአገሮቹን ጉዳይ አልያዝንም። ባለጉዳዮቹ አልቀረቡም፣ ወንበራቸው ይኸውላችሁ። የእኅትማማቾቹን ግን ይዘናል። ይች ሴት ትሂድ፣ ታላቋን ትጠይቅልን፤ እኅትሽ ጣራ የላትም፣ ምን ትያለሽ ትበላት። ወሬውን ይዛ ትምጣ። ቀጠሮ ስጡን።»

ኦርሊ ወደ ዶክተር ጊድዖን ዞራ ነገረችው፤ ሌላ ቀን ይፈልጋሉ፣ እዚሁ፣ ሌላ ሃርጻአ። ዶክተሩ ቦርሳውን ወዲያና ወዲህ አደረገው። ስለ በጀት ተናገረ፣ ስለሚመጣው ዓመት ተናገረ፣ ከዚያ ፈገግ ብሎ «ኒርኤ» አለ።

ኦርሊ ልትተረጉመው አፏን ስትከፍት አባ ጌጡ እጃቸውን አነሡ። «ገብቶኛል። ‹እናያለን› ነው ያለው። ወዲህ ሳልመጣ ጎንደር ላይ ዘጠኝ ዓመት ‹እናያለን› ሲሉኝ ነው የኖርሁ። በየትኛውም ቋንቋ ቢሉት አውቀዋለሁ። ሽማግሌ ‹እናያለን› ተብሎ አይበተንም» አሉና ተቀመጡ።

አርባ ሁለቱም ተቀመጡ። ነጠላቸውን አጣጠፉ። ሾሜሩ አዳራሹን ሊዘጋ መጣ፤ ለመዝጋት የመጣ ሰው አይመስልም፣ ከበሩ አጠገብ ወንበር ስቦ እሱም ቁጭ አለ። ማዝጋኑ ጠፋ። ሙቀቱ ገባ። ማንም አልተነሣም። አባ ጌጡ እንዲያውም ከጎናቸው ካሉት ሽማግሌ ጋር ስለ ጉልበት ሕመም ወሬ ጀመሩ። ዘጠኝ ዓመት ለጠበቀ ሰው ግማሽ ሰዓት ምን አላት? ዶክተር ጊድዖን አንዴ በሩን፣ አንዴ ሽማግሌዎቹን አየ። አሥር ደቂቃ ቻለ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ቀን ይፈልግ ጀመር።

«በሚመጣው ወር፣ ሮብ፣ በዚሁ ሰዓት» አለ። «እሷ ታዘጋጀው» ብሎ በጣቱ ኦርሊን አመለከተ።

እኔ ልነሣ ስል አባ ጌጡ «ቆይ» አሉኝ። «ዋሱስ?» ፕሮፌሰሯ በነጋታው ትበራለች። ሌላ ሰው የለም። «አንተ ተነሥ» አሉኝ። «ውሸትህን ነው የጠራኸን፤ በእውነት ዋስ ትሆናለህ።»

ተነሣሁ። የሁለት የማላውቃቸው አሮጊቶች ወሬ በቀጠሮው ቀን ሽማግሌ ፊት እንዲደርስ ዋስ ሆንኩ። ኦርሊ ለፕሮፌሰሯ ስትተረጉምላት ሴትየዋ ስሜን ጠይቃ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ወደ ቤት ስንመለስ ኦርሊ አውቶቡሱ ውስጥ ከኔ ሁለት ወንበር ርቃ ተቀመጠች። ኪርያት ኖርዳው እስክንደርስ የተናገረችው አንዲት ቃል ናት። «ከብት!» አለች፣ መስኮቱን እያየች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰች መስሎኝ ስጠጋ ትስቃለች፤ ስጠጋት ሳቋን አቁማ «አልታረቅኩህም» አለችኝ።

ያ ወር እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ። ዋስ መሆን ዘመድ ከመታመም አይሻልም። አባ ጌጡ በየማለዳው ይደውላሉ፤ «ምን ደረሱ?» እኔ ደግሞ ለኦርሊ እደውላለሁ፤ ኦርሊ «ዳይ አባዬ፣ ዳይ፣ በቃ፣ ሲጻፍልኝ እነግርሃለሁ» ትለኛለች። ሆቴል ውስጥ ከዚያ አገር የመጣ እንግዳ ሳይ ወንበሩን ሳስተካክልለት «እኅት አለህ? ትደውልላታለህ?» እለው ጀመር። አለቃዬ ጠርቶ አነጋገረኝ።

ፕሮፌሰሯ በመጨረሻ ጻፈች። ለታላቋ ደውላ ነበር። ናታንያ የምትባል ከተማ ውስጥ፣ ባሕር ዳር፣ አርባ ሦስት ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው ስለ እኅትሽ ጠየቁ አለቻት። ታላቋም «ምን አገባቸው!» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ከአራት ቀን በኋላ ግን ራሷ ደወለች፤ «ሽማግሌዎቹ ጣራ የላትም ነው ያሉት? ምንም የላትም?» ብላ ጠየቀች። ያ ነው። ሌላ ነገር የለም።

ለአባ ጌጡ እንዳለ ነገርኳቸው፣ አንዲት ቃል ሳልጨምር። «ጠየቀች?» አሉ።

«ጠየቀች አባ።»

«እንግዲህ ሥራ አለብን» አሉ።

ቀጠሮው አንድ ሳምንት ሲቀረው ስልኬ ጮኸ፣ አባ ጌጡ ናቸው። «ሮብ ጉዳይ አለን፣ እንዳትቀር» አሉኝ።

«አባ፣ እኔ እኮ ነኝ የምጠራችሁ።»

«ልጅህ ጠርታናለች። ቤቴ ድረስ መጣች፤ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብላ ስለ ዋስ፣ ስለ ቀጠሮ፣ ስለ ካሳ ጠይቃ ጠይቃ ጻፈች። አነጋገሯ ገና ይሰባበራል፣ ግን አትዋሽም። አንተ ከኋላ ትቀመጣለህ። ዝም ብለህ።»

ወዲያው ለኦርሊ ደወልኩ። ስንት ሰው ላምጣ፣ ወንበሩን እንዴት እናድርገው፣ ከኋላ ማለትስ የትኛው ኋላ ነው፣ ልጠይቃት ነበር። ገና «ኦርሊዬ» ከማለቴ «አባዬ፣ ሚስራድ ውስጥ ነኝ፣ ሰው አለኝ፣ በኋላ ደውል» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ።

አንዱን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩበት። በዕድሜዬ ብዙ ሰው ስልክ ዘግቶብኛል፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ ግን አያውቅም።